ሀገረ ሕይወት፣ ሸነን ይጠራል

ረቡዕ፣ ጥር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ጥቁር ዶሮ አልቀበርኩም። ይህ አስቀድሞ ይታረም። ጓሮዬ የቀበርኩት ጨው፣ የተወቀጠ ከሰልና ሁለት ሜትር የመዳብ ዘንግ ነው። ዘንጉ ከዕቃ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ነው። ጨውና ከሰሉ በዚህ በጋ አፈሩ እርጥበቱን እንዳይለቅ ነው። ውሃ ያፈሰስኩበትም ለዚሁ። ሳፈስ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ ይንቀሳቀስ ነበር። ጣሳ እቆጥር ነበር።

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር ናት። በአጥር በኩል፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ በጣም እያዘነችልኝ። ማን አለ ብዬ ጠየቅኋት። ሁሉም ሰው አለች። ሁሉም ሰው የሚባል ሰው አላውቅም፣ ስም ስጪኝ አልኳት። ድስት ጥጃለሁ ብላ ገባች።

ደብተሬ፣ አንተ ለማንም አትናገርምና በሥርዓት ልንገርህ።

ገመቹ (ከዛሬ ጀምሮ ገ. እለዋለሁ) የወንድሜ የለሜሳ ልጅ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። አዳዳ ይለኛል፤ የአባቱ እህት ነኝና። ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል። ለአሥር ዓመት አዲስ አበባ በየሆቴሉ የሌላ ሰው ዘፈን ሲያጅብ ኖሯል። የሚወደው ግን ሄቪ ሜታል የሚሉትን፣ ከባዱን ነው። የፊታችን ጥር 29፣ ከጾሙ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በከተማው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ያሰማል። ሁለት ጓደኞቹ፣ ከበሮ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹ፣ በዋዜማው ይደርሳሉ።

ችግሩ ዕቃው ነው። ያጉረመርማል። ሲጫወት አይታወቅም፤ እጁን ከክሩ ሲያነሳ ግን ዝምታው ሁሉ በጉርምርምታ ይሞላል። ሦስት ቴክኒሺያን አይተውት አልሆነም። ይህም ካልተሳካ ጊታሩን ሰቅዬ ወደ ሆቴሌ እመለሳለሁ አለ። ለማስፈራራት አይደለም። አባቱም ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

ስለዚህ ወደ እኔ አመጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከፊሉን በኦፕሬተርነት፣ ከፊሉን በጥገና። የስልክ መስመር የሚጠላው ይህንኑ ጉርምርምታ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 14፤ ከሰዓት 9 ሰዓት

ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፌ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ አቧራቸውን ጠረግሁ። ራክ ይለዋል፤ እኛም ራክ ነበር የምንለው። የብረት ፍሬም ነው፤ ዕቃዎቹ እንደ መሳቢያ ገብተው ግራና ቀኝ በብሎን ይታሰሩበታል። ስፋቱን ለካሁ። የስልክ ቤቱ ራክ ስፋት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር አልተለወጠም። የጊታሩ ገመድ ጫፍም ያው የእኛ ጃክ ነው። ጣቴ በራሱ አወቀው። ዓይኔን ጨፍኜ ሰካሁት። ገ. ማን አስተማረሽ አለኝ። እናንተ ሳትወለዱ በፊት ይህ ጃክ ሰው ከሰው ያገናኝ ነበር አልኩት።

አደራደሩን አላልፍም። እንደ ማገዶ ከምሮ ነው ያመጣቸው። ከባዱ ማጉያ ከላይ፤ ትንሿ መቃኛ ከሥር ተጨፍልቃ። በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የቀለም ጠብታ ላፈሰሰ ሰው ሙሉ ገጽ እንደገና ይጻፍ ነበር። ሁሉንም ፈትቼ ከታች ጀመርኩ። ከታች ፓወር የሚለው ከባዱ ማጉያ፤ የሚከብደውም የሚሞቀውም እሱ ነውና። ከሱ በላይ አንድ ባዶ ረድፍ፣ አየር እንዲገባ። ቀጥሎ ዲሌይ የሚለው ማስተጋቢያ። ቀጥሎ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያመጣጥነው ኢኳላይዘር። ቀጥሎ ድምፁን የሚያሻክረው ፕሪአምፕ። ከዚያ ጌቱ። አናቱ ላይ መቃኛው፤ ዓይን የሚሻው እሱን ነውና። የመብራት ገመድ በግራ፣ የድምፅ ገመድ በቀኝ። መገናኘት ግድ ከሆነባቸው መስቀል ሠርተው ይተላለፉ፤ ጎን ለጎን አይሂዱ። በያንዳንዱ ጫፍ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ከየት፣ ወደ የት።

ጌት ማለት በር ነው። ትንሽ ድምፅ ሲመጣ ይዘጋል፣ ትልቅ ሲመጣ ይከፍታል። ገ. ጉርምርምታውን እንዲዘጋለት ነበር ያስገባው። ጉርምርምታው ከፍ ስላለ ግን በሩን አጥብቆ መዝጋት አለበት፤ አጥብቆ ሲዘጋው ደግሞ እየሳሳ የሚሄደው ኖታ ጅራቱ ይቆረጣል። በረኛህ እንግዳና ሌባ መለየት አቅቶታል አልኩት። ወለሉ ላይ ተንጋሎ ሳቀ። "አዳዳ፣ አንቺ ከእኛ በላይ ሜታል ነሽ" አለኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 15፤ ምሽት 1 ሰዓት

የጉርምርምታው ምክንያት ተገኘ። ሁለት መሬት። ዕቃው በግድግዳው ሶኬትም በእኔ ዘንግም ወደ መሬት ተያይዟል። ሁለት መሬት ያለው ዕቃ በሁለቱ መካከል ሲዞር ይውላል፤ ያን ጊዜ ያጉረመርማል። አንዱን ለየሁ። ጉርምርምታው ወርዶ የትንኝ ያህል ሆነ።

ለገ. ይህ በቂ ነበር። ለእኔ አይደለም። ትንኝም ትንኝ ነው።

ጉድጓዱን ስቆፍር አካፋው ያገኘው ነገር ነበር፤ አልጻፍኩትም ነበር። የመዳብ ሰሌዳ፣ የመስኮት መዝጊያ ያክላል። ቤቴ ያለው የድሮው ስልክ ቤት በነበረበት ግቢ ነው። ሕንጻው ፈርሷል፤ የሠራተኛ ቤቱ ለእኔ ቀረ። ሰሌዳው የስልክ ቤቱ መሬት ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚያርፉበት። ዛሬ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ ዘንጌን ከሱ ጋር አሰርኩ።

ትንኟ ጠፋች። እንዲህ ያለ ዝምታ ከማሽን ሰምቼ አላውቅም። ገ. እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ከዚያ ለጓደኞቹ ልደውል ብሎ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ መንገዱ ሮጠ። ብቻዬን ነበርኩ። መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ የድምፅ መለኪያዎቹ መርፌዎች ዜሮ ላይ ናቸው።

ስፒከሩ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም። የወንድ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ ሀገረ ሕይወት አለ። ሁለት ጊዜ።

አጠፋሁት። ሰዓቴ አሥራ ሁለት ከሁለት ደቂቃ ይል ነበር።

ራዲዮ ነው። ብዙ የሚያጎላ ማሽን ራዲዮ ይለቅማል። የታወቀ ነው።

እሑድ፣ ጥር 16፤ ከሰዓት 8 ሰዓት

ከአምልኮ በኋላ ወ/ሮ አስቴር በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ትናንት የታጠበ ልብስ ስታነሳ ሰምታለች። ከቤቴ ሰው ከሀገረ ሕይወት ይጣራ ነበር ትላለች፤ ሦስት ጊዜ። ሁለት ጊዜ ነው አልኳት፤ "ከ" የሚባልም የለበትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለቤቷ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ የሕይወት አገር ብላ የሰማችው መንግሥተ ሰማያትን ነው።

ሀገረ ሕይወት የአምቦ የቀድሞ ስሟ መሆኑን አስታወስኳት። የጋብቻ ወረቀትሽን አውጥተሽ እዪ፣ ማኅተሙ ላይ አለ አልኩ። ስሙስ ልክ ነው፣ ግን እትዬ ማርታ፣ ዛሬ አምቦን በዚያ ስም ማን ይጠራታል አለችኝ።

በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 18፤ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል

ፈተና አደረግሁ። ገ. አዳራሹን ሊያይ ወጥቷል። 11 ተኩል ላይ ጀመርኩ። ጊታሩን ነቀልኩ። ረጅሙን ገመድ በአጭር ለወጥኩ። ሞባይሌን ወ/ሮ አስቴር ቤት አስቀመጥኩ። የሷንም ራዲዮ አስጠፋሁ። ራዲዮ ቢሆን ጊታሩና ረጅሙ ገመድ ሲወጡ መድከም አለበት። ራዲዮ ቢሆን ከፊቱ ዜና፣ ከኋላው ዘፈን ይኖረዋል። ራዲዮ ቢሆን እንደገና በዚያው ደቂቃ ላይ አይመጣም።

12 ከ2። አስቀድሞ ኩርርታ። የእጅ ደወል በወዲያኛው ጫፍ ሲዞር መስመሩ ላይ የሚሰማው ነው፤ ይህን ከሌላ ነገር ጋር አላምታታውም። ከዚያ፦

"ሀገረ ሕይወት፣ ሀገረ ሕይወት። ሸነን ይጠራል።"

አልደከመም። ጨመረ እንጂ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። በጎረቤቷ ከተማ በሸነን የነበሩት ኦፕሬተር ኦቦ ዲንሳ ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ስለነበር "ሸ" ሲሉ ያፏጫሉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ። ዝናብ ነበር፤ ጫማዬን ጭቃ ያዘው፤ አፈሩ ሲመለስ አይቻለሁ።

ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። ቀኝ እጄ ገመድ ለማንሳት ተዘርግቷል። እኔ አላዘዝኩትም።

ረቡዕ፣ ጥር 19፤ ጠዋት 4 ሰዓት

ዛሬ ማሽኑን አልነካሁም። ደብተሬ፣ የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስርዝ ድልዝ ሳላደርግ አንዴ ልጻፈው።

ኦፕሬተር የሚፈልገውን ከተማ ስም ያስቀድማል፣ የራሱን ያስከትላል። ሀገረ ሕይወት፣ ሸነን ይጠራል። ሀገረ ሕይወት፣ እጃጂ ይጠራል። በቀን መቶ ጊዜ እንሰማው ነበር። ሥራ የሚዘጋው 12 ሰዓት ነው። ደንቡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ግንቦት 1969። 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ። ኮቴን ለብሻለሁ። የሸነን ደወል ጮኸ። ገመዱን ሰካሁ። ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። አንድ ሰው ከፊቴ ቆሟል፣ አንቺኑ ነው የሚፈልገው፣ ወንድሟ ነኝ ይላል አሉኝ። ተዘግቷል፣ ነገ 2 ሰዓት ይምጣ አልኩ። ሁለት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው ያለፈው አሉ። ለወንድሜ ብዬ ደንብ ካፈረስኩ ለሌላው ምን እላለሁ አልኩ። ገመዱን ነቀልኩ። ስነቅል ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ተሰምቶኛል። ይህም ይጻፍ።

ለሜሳ በማግስቱ 2 ሰዓት አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ዘመኑ ያ ነበር። ሚስቱ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። አንድ ቃል ሳይተውልኝ ሄደ እንዳለች ሞተች። ልጁም ይህንኑ ከእናቱ ተቀብሎ ያምናል። ኦቦ ዲንሳና እኔ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየቀኑ በመስመር ተነጋግረናል። አንድም ቀን አላነሳነውም።

አንድ ቴክኒክ ነክ ነገር ልጨምር። የሸነን መስመር ባለ አንድ ሽቦ ነበር። እንዲህ ባለው መስመር ንግግሩ በሽቦ ይሄዳል፣ በመሬት ይመለሳል። የየንግግሩ ግማሽ በዚያ ሰሌዳ በኩል አፈር ውስጥ ያልፋል። ሥልጠና ላይ ይህን ሥለን አሳይተን ሙሉ ነጥብ አግኝተናል። አፈሩ ሁሉን መልሶ ይሰጣል ወይ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።

ዓርብ፣ ጥር 21፤ ምሽት 2 ሰዓት

ገ. ሰማ።

ገበያ ወጥቼ ዘግይቼ ነበር። ስገባ ክፍሉ መካከል ቆሟል፤ ሞባይሉን ስፒከሩ ላይ ደግኖ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ሆኗል። የሙዚቃዬን መግቢያ አገኘሁ አለኝ። መብራት ይጠፋል፣ ይህ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ምት። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር በኮምፒውተር ሊሠሩ ዓመት ይለፋሉ፣ በአንቺ ጓሮ በነጻ ይወጣል አለ። የቀዳውን አሰማኝ። የደወሉ ኩርርታ አለ። ትንፋሹ አለ። ቃሉ የለም። ሦስት ጊዜ አጫወተው። ሞባይሉን ረገመ።

ቃሉንም እንደ ጎረቤቴ አጣሞ ነው የሰማው፤ በራሱ መንገድ። እንደ ግጥም። የሕይወት አገር ሆይ፣ ሸነን እየጠራች ነው። አባቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ሸነን መሆኑን ያውቃል።

ብልሽት ነው፣ ነገ አስወግደዋለሁ አልኩ። አይሆንም አለ። በቤቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወዲያው አፈረ። ስፒከሩ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ መሬት መሬት እያየ በዝግታ ተናገረ።

"ዲሲ፣ አዳዳ። ተይው። አባቴ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። ለእናቴ አንድ ቃል አልተወም። ሸነን የሚል ነገር ከየትም ቢመጣ እኔ አልዘጋውም።"

ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር። ባለቤቱ፣ ግሡ፣ ሁሉም በቦታው። የራኩ ብሎኖች ላልተው እንደሆነ ልይ አልኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። አልላሉም ነበር። እኔው ነኝ ያጠበቅኋቸው።

ሰኞ፣ ጥር 24፤ ምሽት 1 ሰዓት

ሎሚው ዛፍ ሥር አዲስ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። አዲስ ዘንግ፣ ጨው፣ ከሰል፣ ውሃ። ወ/ሮ አስቴር በአጥር ትመለከታለች። ሁለተኛው ዶሮ ነው ብዬ ቀደምኳት። አልሳቀችም።

ዕቃውን ወደ አዲሱ ዘንግ አዛወርኩ፤ ከሰሌዳው ለየሁት። ለገ. ሰሌዳው ዝጓል፣ በትዕይንቱ መሐል ያዋርድሃል አልኩት። ሰሌዳው አልዛገም። እውነቱ ስለ ዕቃው ያልኩት ብቻ ነው፦ አዲሱ መሬት ንጹሕ ነው፣ ጉርምርምታ የለም፣ ትንኝ የለም። ጌቱን አላላሁት። አሁን ሳይቸገር ይከፍታል፣ ሳይቸገር ይዘጋል።

12 ከ2 ሆነ። ምንም። ገ. ሞባይሉን ደግኖ እስከ 12 ከ20 ጠበቀ። ከዚያ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ተጫወተ።

ሜታልን ጩኸት ነው እል ነበር። ስህተት ነበር፤ አርሜአለሁ። ሥርዓት ያለው ነገር ነው። የቀኙ መዳፍ ጎን ክሩ ላይ ያርፋል፤ ድምፁ እንደተወለደ ይታፈናል፤ ወፍራምና አጭር ሆኖ እንደ ፈረስ ኮቴ ይሄዳል። ጭነቱ ሁሉ ያለው በምቶቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ንጹሕ ካልሆነ ምቱም ምት አይደለም። ዛሬ ባዶው ንጹሕ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ደረቴ ላይ ተሰማኝ።

ሲጨርስ ጉልበቴን ሳመ። ዳንኩ አዳዳ አለ። ፊቱ ግን የዳነ ሰው ፊት አልነበረም። ለመግቢያው ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ያለ መግቢያ እጀምራለሁ አለ።

አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ነቅያለሁ። ሁለተኛውን ደንብ አላዘዘኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 26፤ ከሰዓት 11 ሰዓት

ምንም አልሠራሁም። መጽሐፍ ከፈትኩ፤ አንድ አንቀጽ አራት ጊዜ አነበብኩ።

ወ/ሮ አስቴር ሁለት ቀን ሙሉ 12 ሰዓት ሲል አጥሩ ሥር ትቆማለች። ባዶ ሳፋ ይዛ። የልብስ ማስጫ ገመዷ ላይ አንድ ጨርቅ የለም። ዛሬ በግልጽ ጠየቀችኝ፤ ሰውዬው ለምን ዝም አሉ። ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት። ዘንግ መለወጤን ማለቴ ነው። እትዬ ማርታ፣ የሚጠራ ሰው እኮ የሚጠራው እስኪመለስለት ነው፣ አንድ ሰው አቤት ቢለው ምን ነበረበት አለችኝ።

አቤት ማለት። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር። በሦስተኛው ደወል አቤት በል።

ከ

ሐሙስ፣ ጥር 27፤ ምሽት 1 ሰዓት ከሩብ

ትናንት በ"ከ" ላይ አቁሜአለሁ። ከሰሌዳው ጋር እንደገና አስረዋለሁ ልል ነበር። ለመጻፍ ፈራሁ። ዛሬ ተደርጓል፣ ስለዚህ ይጻፍ።

ገ. ሁለት የአዳራሹን ሠራተኞች ይዞ መድረኩን ሊያስተካክል ሄደ። ራኩን ነገ ከሰዓት በመኪና ይወስዱታል። 11 ከ40 ላይ ሽቦውን ወደ ሰሌዳው መለስኩ። ዕቃዎቹን በቅደም ተከተላቸው አበራሁ፤ ፓወሩን መጨረሻ። ጊታሩን ሰካሁ፤ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ክሩ ሥር ያለው ድምፅ ለቃሚ አፍ አስጠግተው ሲናገሩበት ቃል ያሳልፋል፤ ገ. አንድ ቀን ቀልዶብኝ በዚያ ስሜን ጠርቶኝ ያውቃል። ጌቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ግድግዳው ቢጫ ነበር። ወረቀትና እርሳስ አቀረብኩ። ለምን እንዳቀረብኩ አላውቅም። የእጅ ልማድ ይሆናል።

12 ከ2። ኩርርታ። "ሀገረ ሕይወት፣ ሀገረ ሕይወት። ሸነን ይጠራል።"

ጎንበስ አልኩ። ክሮቹ ከንፈሬ ሥር ቀዝቃዛ ነበሩ።

"ሀገረ ሕይወት ነኝ። ሸነን፣ ይናገሩ።"

የራሴ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ፤ ሻካራ ሆኖ፣ የማላውቃት ሴት ድምፅ። ከዚያ ዝምታ። ማስተጋቢያው የመጨረሻውን ቃሌን ሁለት ሦስት ጊዜ መለሰውና ተወው። አልመጡም ብዬ ቀና ልል ስል፦

"ሰውዬው ሄዷል፣ ማርታ።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

"መልእክት ትቷል። ትጽፊያለሽ?"

እጽፋለሁ አልኩ። ቃል በቃል ነገሩኝ፤ እኔ እስክጨርስ በየቃሉ እያቆሙ፣ እንደ ድሮው። መልሼ አነበብኩላቸው። አንዱን ቃል አረሙኝ። ትክክል አሉ። ስንት ሰዓት ላይ ልበል ብዬ ጠየቅሁ፤ መዝገብ ሰዓት ይፈልጋልና። የመጣበትን ሰዓት ጻፊ አሉኝ። በወዲያኛው በኩል ገመድ ሲነቀል ሰማሁ። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ። ስፒከሩ ተራ ስፒከር ሆነ።

ራኩን አጠፋሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ውጭ ወጣሁ። ወ/ሮ አስቴር አጥሩ ሥር ሳፋዋን አቅፋ ቆማለች። የእኔን ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው። ለእሷ የተላከ ነገር ይኖር እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት፤ ከባለቤቷ አለመሆኑንም ነገርኳት፤ ማታለል አይገባም። ራሷን ነቀነቀች። ለማንም ይሁን ደረሰ ወይ አለች። ገና ነው አልኩ።

መልእክቱ አሥራ አንድ ቃል ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። እዚህ አልገለብጠውም። መልእክት የተቀባዩ ነው፤ ኦፕሬተር ግልባጭ አያስቀርም። ተቀባዩ በስም አልተጠራም። "ለሚወለደው" ነው የሚለው።

በደንብ አስቤበታለሁ፣ ደብተሬ። ጽሑፉ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት የፈለገችውን ሰምታ ይሆናል። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ይህንኑ እል ነበር። ነገር ግን ከአሥራ አንዱ አንዱን ቃል አላውቀውም። አማርኛ አይደለም፤ በእኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛም አይደለም። ሲያርሙኝም ያረሙኝ እሱን ነው። ባልና ሚስት ለብቻቸው የሚጠሩት ስም ይመስላል። እናቱ ለልጇ ነግራው እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ካወቀው፣ አባቱ ቃል ትቶ ነበር ማለት ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያገደችውም አክስቱ ናት። ቅዳሜ ይጫወት አይጫወት፣ ከእኔ ጋር ይነጋገር አይነጋገር አላውቅም። ከትዕይንቱ በኋላ ልንገረው ብዬ አሰብኩ። ነገ 2 ሰዓት ይምጣ እንደ ማለት ነው።

ገ. አሁን ገባ። ኮቴውን እሰማለሁ። ደክሞታል፣ ይብላና ይተኛ። የነገው እንዲህ ነው።

አንድ። ሲነጋ ተነሥቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ልብሴን በወጉ እለብሳለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በሌሊት ልብስ አይሰጥም።

ሁለት። ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ሳይደርሱ በሩን አንኳኳለሁ። ካልከፈተ ሁለተኛ አንኳኳለሁ።

ሦስት። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት ማን እንደነቀለው እነግረዋለሁ። ቆሜ። "ደንብ ነበር" የሚል ቃል አልጨምርም።

አራት። ወረቀቱን እሰጠዋለሁ።

አምስት። የሚለኝን ሁሉ እስኪጨርስ እሰማለሁ። ሰዓት አላይም።